ሽማግሌ ጭኜ የረርን የወረድኩ ቀን

ሽማግሌ ይላካል እንጂ አይጫንም። እኔ ግን ጭኛለሁ፤ በሞተር፣ በነሐሴ ዝናብ፣ በየረር ተራራ ትከሻ ላይ። ያን እሁድ ባስታወስኩ ቁጥር መዳፌን ያልበኛል። ወዲያው ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ፤ የሚያየኝ ሰው “ይሄ ልጅ ነካ አድርጎታል” ቢል አልፈርድበትም።

ሥራዬ ተራራ ላይ የተተከሉ የስልክ አንቴናዎችን መጠገን ነው። ቢሯችን ቦሌ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ነው፤ እኔ ግን ብዙውን ቀን የማሳልፈው ለአስፋልትም ለድንጋይም በምትሆን፣ ቁመቷ ከፍ ባለ፣ ጎማዋ ጥርሳም በሆነ ሞተር ላይ ነው። መኪና የተወውን መንገድ ትወጣለች። ያኔ ግን ችግሬ ድንጋይ አልነበረም፤ የምወዳት ልጅ አባት ነበሩ።

ቤታቸው ሲኤምሲ ነው። ሰውየው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ የወጡት ግን ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከዳኝነቱ አይደለም። ምሳ ትንሽ ከዘገየ በቂ ምክንያት ይጠይቃሉ ትለኛለች ልጃቸው። በሰኔ ሽማግሌ ላክሁባቸው፤ የንስሐ አባቴንና ቦሌ ቡልቡላ የምኖርበትን ኮንዶሚኒየም የእድር ሊቀመንበር። እንደ ወጉ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ብለው ቆመው፣ “ልጅዎን ለልጃችን” አሉ። ዳኛው ሰምተው ሲያበቁ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

“ከሁለታችሁ የልጁን አባት የሚያውቅ ማነው?”

ሁለቱም አያውቁትም። አባቴ የሞተው እኔ ፊደል እንኳ ሳልቆጥር ነው።

“እንግዲያው የአባቱን ወገን ይዛችሁ ኑ። ነገ ልጄ ብትከፋ ማን ዘንድ ሄጄ እንደምከስ ማወቅ አለብኝ” አሉና ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለውን እሁድ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ቀጠሩ። “በቀጠሮው ካልተገኛችሁ መዝገቡን እዘጋዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም በሬን እንዳያንኳኳ።”

ልጅቷ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። “አባዬ ዘጋሁ ካለ ዘጋ ነው። አታውቀውም” አለችኝ። እኔማ እየተዋወቅኳቸው ነበር።

ከአባቴ ወገን በሕይወት ያሉት ታላቅ ወንድሙ ብቻ ናቸው። የቡልቡላው እርሻችን ኮንዶሚኒየም ሲሆን አጎቴ “ፎቅ ላይ የሚያድር ርግብ ነው” ብለው ከየረር ጀርባ ወዳለው የሚስታቸው አገር ተሻገሩ። እስከ ዛሬ ጤፍና ሽንብራ ያርሳሉ። ቅዳሜ መጥተው እኔ ዘንድ እንዲያድሩ ተስማምተን ነበር፤ አዲስ ሸሚዝ ሳይቀር ገዝቼ አስቀምጬላቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰው ስልክ ደወሉ።

“ጎረቤቴ አርፎ ቀብር ላይ ነኝ” አሉኝ።

“አባባ፣ ቀጠሮው እኮ ነገ ነው!”

“እና ሬሳ ጥዬ ልምጣልህ? ነገ በጠዋት ና ውሰደኝ።”

ምን ይባላል? ጎረቤታቸውን ሳይቀብሩ ቢመጡ ራሴም እታዘባቸው ነበር። ግን በምን ልውሰዳቸው? የየረር ግርጌ ጥቁር አፈር ነው፤ በነሐሴ እንኳን መኪና በሬም ይውጣል። አንድ የማውቀው ሹፌር የመንደሩን ስም ሲሰማ “ወንድሜ፣ መኪናዬን ልትቀብራት ነው?” ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። የቀረኝ የተራራው መንገድ ነው። እዚያ ላይ እስከምጠግነው አንቴና ድረስ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አህያ ብቻ የሚያልፍበት ቋጥኝ ነው። ድንጋይ ይጥላል እንጂ አይውጥም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ። በአራብሳ በኩል ኮንዶሚኒየሞቹ አልቀው ጠጠሩ ሲጀምር ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ቆሜ ነው የነዳሁት፤ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው አከርካሪውን ይረሳዋል። ድንጋዩ ከጎማው ሥር ይሽከረከራል፣ ሞተሯ ታጓራለች፣ እኔ እሳደባለሁ። አንቴናውን አልፌ ወዲያኛውን ቁልቁለት ስጀምር ደግሞ ስድቡ ወደ ጸሎት ተቀየረ። ብቻ ደረስኩ። አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሳገኛቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተኝተው ባገኛቸው ኖሮ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።

ሞተሯን ዞረው አዩዋት።

“ይቺ ናት?”

“አዎ አባባ።”

“ኮርቻ እንኳ የላትም” አሉና አማተቡ።

ሄልሜቴን አጥልቄላቸው፣ ማሰሪያውን አገጫቸው ሥር አጥብቄ አሰርኩላቸው። ከዘራውን ትተውት እንዲሄዱ ብለምናቸው “ያለ ከዘራ ሽማግሌ አለ?” ብለው ተቆጡኝ። በጀርባዬና በደረታቸው መካከል አግድም ያዙት፤ መንገዱን ሙሉ ያገኘነው ቁጥቋጦ ሁሉ እየያዘ አዘገየን። ዳገቱ ላይ ትንሽ ነዳጅ ጨመር ባደረግሁ ቁጥር “ሱታ! ሱታ!” ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለታቸው ነው።

“አባባ፣ ሰዓቱ እኮ ሄደ።”

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሱታ አልኩህ!”

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሞተሯን ላሳርፋት ቆምን። ጉሙ ተገልጦ ከተማዋ ከሥራችን ተዘርግታለች። አጎቴ “ይሄ ሁሉ ቤት ሰው አለበት?” ብለው ጠየቁኝ። አብዛኛው አለበት አልኳቸው። ኤርፖርቱን አሳየኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከኤርፖርቱ ወዲህ በከዘራቸው እየጠቆሙ አባቴና እሳቸው በሬ ጠምደው ያረሱበትን ቦታ አሳዩኝ። የአባቴን እርሻ ቦታ እንዲህ ከላይ ሆኜ፣ የሚያውቅ ሰው እየጠቆመልኝ አይቼው አላውቅም ነበር። ደጋግሜ ባየው ደስ ባለኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረንም።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። አንድ ቦታ ላይ ቋጥኙ እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ይወርዳል፤ በስተግራው ጎርፍ የቦረቦረው ገደል አለ። ያደረው ዝናብ ድንጋዩን ሳሙና አድርጎታል። “አባባ፣ እዚህች ጋ ወርደው በእግር ይለፉ” አልኳቸው። “ጉልበቴ ቁልቁለት የሚችል ቢሆን አንተን ምን አስጠራኝ? ንዳ!” አሉኝ። ነዳሁ።

የመጀመሪያውን ደረጃ ወረድን፣ ሁለተኛውንም ወረድን። ሦስተኛው ላይ የፊት ጎማው ሸተት አለና ወደ ገደሉ ዞረ። ፍሬኑ ምንም አላደረገም። እግሬን ባወርድ መሬት የለም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ነገር አለ ብል ውሸት ነው። መሪውን ለቅቄ ወደ ኋላ ተወረወርኩና አጎቴን በጋቢያቸው ጨምድጄ ይዤ በቀኝ በኩል ድንጋዩ ላይ ወደቅን። ሞተሯ ብቻዋን እየተንኳኳች ወረደች፣ ወረደች፣ ከዚያ ዝም አለች።

አጎቴ አይንቀሳቀሱም። ሄልሜቱ ውስጥ ዓይናቸው ተከድኗል። ገደልኳቸው፤ ሚስት ላገባ ብዬ የአባቴን ወንድም ገደልኩ!

“አባባ! አባባ!”

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

“ከዘራዬስ?”

ወይ ጉድ! እቅፍ አድርጌያቸው ሳቄና ለቅሶዬ ተቀላቀለብኝ። ክርናቸው ትንሽ ተልጧል፤ ጋቢው ጭቃ ጠጥቷል፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። “ልቀቀኝ፣ አንቀህ ልትገድለኝ ነው” ሲሉኝ ነፍሴ መለስ አለች። ከዘራውም ከበላያችን ድንጋይ መሃል ተሰክቶ ተገኘ።

ሞተሯን አንድ የጥድ ግንድ ይዟታል። አንቴና ስወጣ የምታሰርበትን ገመድ ከቦርሳዬ አውጥቼ አሰርኳት። እኔ ከታች ስገፋ አጎቴ ከላይ እየተቀመጡ ጎተቱ፤ ገደል የገባ በሬ እንደሚያወጣ ሰው “ያ ዋቃ!” እያሉ ፈጣሪያቸውን ይጠራሉ። ስፖኪዮዋ ተሰብሯል፣ ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው የፍሪሲዮን መያዣ ተጣሟል። ለማስነሳት ስረግጣት እምቢ አለች። ደግሜ ረገጥኩ፤ አሁንም እምቢ። አጎቴ በከዘራቸው ጎማዋን መታ መታ አደረጉና “ነይ እንጂ፣ ሰው ይጠብቀናል” አሏት። ከዚያ ተነሳች። በከዘራው ነው ብዬ አልከራከርም፤ በከዘራው አይደለም ብዬም ከሳቸው ጋር አልከራከርም።

ሲኤምሲ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ያሰብኩት ዋናው መንገድ ላይ አውርጃቸው እንድሸሽ ነበር፤ ምክንያቱም ሽማግሌ በሚላክበት ቤት ደጃፍ ሙሽራው ሊታይ አይገባም። ነውር ነው። የንስሐ አባቴና ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ ሳይ ግን ነውሩን ረስቼ እስከ በሩ ነዳሁት። አጎቴን አወረድኩ። ሄልሜቱ ግን አልወልቅ አለ። ሲወድቁ ማሰሪያው ጠብቋል።

“እንዲሁ ልግባ” አሉ አጎቴ።

“ኧረ በፈጠረዎት!”

አገጫቸው ሥር እጆቼን ሰድጄ ስታገል በሩ ተከፈተ። ዳኛው ራሳቸው ናቸው። ሽክ ብለው ለብሰው ቆመዋል። መጀመሪያ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ አጎቴን፣ ከዚያ ጭቃ የበላኝን እኔን፣ ከዚያ ዘይት የምታንጠባጥበውን ሞተር። ማሰሪያው በዚያች ቅጽበት ተፈታ፤ እኔም ሄልሜቱን ታቅፌ “እንደምን አደሩ” አልኩ። ድምፄ የዶሮ ጫጩት ድምፅ ነበር። ዳኛው ለሽማግሌዎቹ “ግቡ” አሉና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

አለቀ፣ ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። ማርፈዴ ሳያንስ ወጉንም ጥሻለሁ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ከፊት ለፊት ያለው ቤት ዘበኛ ከነወንበሩ ተጠጋኝ።

“ዴሊቨሪ ነህ?”

“አዎ” አልኩት በንዴት።

“ምን አምጥተህ ነው?”

“ሽማግሌ።”

ሳቁ መለስ ሲልለት ሁኔታዬ ገባውና አዘነልኝ። “አይዞህ፣ ከቆዩ ጥሩ ነው” አለኝ። “አስቀምጠዋቸው እያወሩ ነው ማለት ነው። ቶሎ ከወጡ ነው ክፉው።”

ይህን ብሎ ሳይጨርስ በሩ ተከፈተ።

የወጡት ዳኛው ናቸው፣ ብቻቸውን። ጭቃዬን እያራገፍኩ ተነሳሁ። ወደኔ አልመጡም፤ ወደ ሞተሯ ሄዱ። የተሰበረውን ስፖኪዮ፣ የተጣመመውን መያዣ፣ በጭቃ የተሞላውን ጎማ፣ ማስረጃ እንደሚመረምር ሰው አንድ በአንድ አዩ።

“አጎትህ ነገሩኝ” አሉ ሳያዩኝ።

“ምን አሉዎት?”

“ገደሉ ላይ የቱን ለቅቀህ የቱን እንደያዝክ።”

ዳኛው ጎንበስ ብለው ጎማዋን በጣታቸው ነኩ፤ ጭቃውን በመሐረባቸው ጠረጉ።

“አንድ ነገር ስማኝ” አሉ። “ከሠርጉ በፊትም ሆነ ከሠርጉ በኋላ ልጄን እዚህ ነገር ላይ እንዳላያት።”

“እሺ፣ እሺ፣ በፍጹም አያዩዋትም” አልኩ። ምን እንዳሉ የገባኝ ዘበኛው ከወንበሩ ዘሎ ተነስቶ “እንኳን ደስ ያለህ!” ብሎ ሲጮህ ነው። ሠርጉ። ሠርጉ ነው ያሉት! እንባዬ እንዲሁ ዱብ ዱብ አለ፤ ልጠርገው ብል እጄ ጭቃ ነው።

ዳኛው ፊታቸውን አዞሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“ምን ትጠብቃለህ? ግባና ታጠብ።”

“ጋሼ፣ ወጉ እኮ ሙሽራው ዛሬ…”

“ወጉማ ቅድም ደጃፌ ላይ ተጥሷል” አሉ። “አጎትህ አንተ ካልገባህ እህል አልቀምስም ብለዋል። ግባ።”

የሞተሯን ቁልፍ እንኳ ሳልነቅል ገባሁ።