ከግንቡ ላይ የተነሳው ጫማዬ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ የልጅ ልጄ የሺራ ሠርግ ሲቃረብ ነው። ትልቅ ነገር አይደለም። ግን አርብ አርብ ጫማዬን ለማጽዳት በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን ያስቀኛል። እስቲ ለእናንተም ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ስለ ጫማው ልንገራችሁ። ቡናማ ነው፣ ባለ ማሰሪያ፣ ሶሉ ሳይቀር ቆዳ። ታላቅ ወንድሜ አስመራ ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ «ለሠርግህ ጫማ አሰፋልሃለሁ» ብሎ እግሬን በሲባጎ ለካኝ። የግራ እግሬ ከቀኙ ሰፋ ስለሚል ሁለቱንም ለየብቻ ለክቶ፣ ሲባጎውን ቋጥሮ ይዞት ሄደ። በዚያ ሲባጎ ልክ የተሰፋው ጫማ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ወንድሜ ግን የለም። በዚያ ጫማ አግብቻለሁ፣ ልጆቼን ድሬያለሁ፣ ወደዚህ አገር ስመጣም አውሮፕላኑ ላይ የወጣሁት እሱን አድርጌ ነው። ሺራንም በእሱ ቆሜ ልመርቃት ነበር ሐሳቤ።

የምኖረው እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ የሚባለው ሰፈር ነው። ሰንበት ጠዋት ወደ ጸሎት ቤታችን እሄዳለሁ። እኛ እንደ አባቶቻችን ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነው የምንገባው። የሰው ሁሉ ጫማ በሩ ሥር ይከመራል። እኔ ግን የኔን እዚያ መሐል አልጥለውም ነበር፤ አንዱ ይረግጠዋል ብዬ እሳሳለታለሁ። የዚያን ዕለትም ራቅ አድርጌ፣ መንገድ ዳር ካለችው አጭር ግንብ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት።

የግንቧን ነገር ዘንግቼው ነው። የሰፈሩ ሰው የማይፈልገውን ልብስ፣ የተረፈ ዳቦ፣ ለልጁ የጠበበውን ጫማ፣ የፈለገ ይውሰደው ብሎ የሚያኖረው እዚያች ግንብ ላይ ነው። ጸሎት ጨርሰን ስወጣ ግንቧ ላይ የቀረው አንድ ከረጢት ዳቦ ብቻ ነው።

«አያ ታደገ፣ ምን ጠፋህ?» አለኝ ጓደኛዬ አያ መለሰ።

«ጫማዬ።»

«የት አኑረኸው?»

በጣቴ ወደ ግንቧ አሳየሁት። ሳቁን ለመያዝ ሞከረ፣ አልቻለም። «በል እንግዲህ ዳቦውን ይዘህ ግባ፤ እሱን ትተውልሃል» አለኝ።

በካልሲ ቤቴ ገባሁ። አስፋልቱ ይፋጃል። ባለቤቴ ታከለች በሩን ከፍታ እግሬን አየችና፣ «እንዴ! ጫማህን ለቄሱ ሰጠኸው?» ስትል ሳልወድ ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም። ወንድሜን እንደገና የቀበርኩት መሰለኝ።

ልጄ ብርቱካን፣ የሺራ እናት፣ ነገሩን ስትሰማ «አባባ፣ አል ቲድአግ፣ አታስብ፤ አዲስ እንገዛለን» ብላ ወደ ካንዮን፣ ወደ ትልቁ የገበያ ሕንፃ ወሰደችኝ። ጥቁር ጫማ አስለካችኝ፤ እንደ ላስቲክ ቀላል ነው። «ልክህ አይደለም?» አለችኝ። ልክ ነው አልኳት። ልክም ነበር። ግን በሱ ቆሜ ስመርቅ አልታየኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከኩፓት ሖሊም፣ ከሰፈሩ ክሊኒክ መድኃኒቴን ይዤ ስመለስ፣ አንድ ሕንፃ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አየሁ። ሩሲያዊ ነው። ግራ እጁን ጫማ ውስጥ እንደ ጓንት አስገብቶ፣ በቀኙ ብሩሽ ያስኬድበታል። ጫማው የኔ ነው። ተረከዙ ጋ እኔው ራሴ በሰም ክር የሰፋሁት ስፌት አለ፤ እሱን አየሁት።

ልቆጣ ነበር የተጠጋሁት። ግን እጁን ሳይ ቆምኩ። ሲቦርሽ የሕፃን ፊት የሚያብስ ነው የሚመስለው።

«ሻሎም» አልኩት። «ይሄ ጫማ የኔ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። የእሱም ዕብራይስጥ እንደኔው የተሰባበረ ነው። «ያንተ? እንግዲያስ ዘይት የቀባኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ የወይራ ዘይት ነው። ጥሩውን» አልኩት ኮራ ብዬ።

«መሹጋ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ አብደሃል ማለቱ ነው። «ሰላጣ ነው እንዴ? ደግሞም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ! ይሄን ስንጥቅ አየኸው?»

እውነቱን ነው፤ በረንዳችን ላይ አሰጣው ነበር። ይሽታል እንዳይባል ብዬ። እንግዲህ ሌባ ያልኩት ሰው እኔኑ ይገሥጸኝ ጀመር።

«አንተስ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከግንብ ላይ። እንዲህ ያለ ጫማ የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ተናድጄ ነው ያነሳሁት። ለኔማ ይጠበኛል። ፀሐይ ይጨርሰዋል ብዬ እንጂ።»

አልጣልኩትም፣ ለጸሎት አውልቄው ነው አልኩት። ጫማውን አገላበጠ። ከዚያ «ግራው ለምን ከቀኙ ሰፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲያስጨንቀው የሰነበተ ነገር ይመስላል።

«የሰፋውማ እግሬ ነው» ብዬ የወንድሜን ሲባጎ ነገር ነገርኩት።

«ተቀመጥ» አለኝና ከፊቴ በርከክ አለ። «ኧረ ተነሳ፣ አንተም ሽማግሌ ነህ» ብለውም አልሰማኝም። የግራ እግሬን ይዞ ጫማውን አገባልኝ። ዘው አለ። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ ሁሉ ሳቀ።

ተመስገን ብዬ ቀኙን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ፣ ግራውንም መልሶ አወለቀው።

«ዛሬ አልሰጥህም። ዘይቱ ገና አልወጣም። ሐሙስ ና።»

«ለልጅ ልጄ ሠርግ ነው የምፈልገው!»

«እንዲህ ሆኖ ሠርግ? አይሆንም። ሐሙስ።»

ባዶ እጄን ቤቴ ገብቼ ስናገር ብርቱካን ራሷን ያዘች። «አባባ፣ አግኝተኸው ለሌባው መልሰህ ሰጠኸው?» ታከለችም ቀበል አድርጋ፣ «መጀመሪያ ጫማውን፣ አሁን ደግሞ ልቡን ወሰደው» አለች። እኔም እስከ ሐሙስ ተጨነቅሁ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትማ!

ሐሙስ ዕለት ስሄድ ያው ወንበር ላይ ጠበቀኝ። ስሙ ግሪሻ ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆበታል፣ ቅርጹን እንዲይዝ። አቧራውን በብሩሽ፣ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ክሬም በጥቂቱ፣ ከዚያ ማሳረፍ፣ መጨረሻ ላይ መወልወል ነው አለኝ። ዛሬ ያደረግኸውን ጫማ ነገ አታድርገው፣ ቆዳም ያርፋል አለኝ።

እኔ ግን በደንብ አልሰማሁትም። ጫማውን ነበር የማየው። ወንድሜ ያኔ ከወረቀቱ ሲያወጣው የነበረው ቀለም ተመልሷል። ያን ቀለም መርሳቴንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በጣቴ ዳሰስ ዳሰስ አደረግሁት።

«ምነው፣ አልወደድከውም?» አለኝ ግሪሻ።

«ሠርጉ ላይ ና» አልኩት።

መጣም። ከረባት አስሮ፣ የራሱ ጫማ እንደ መስታወት እያበራ። ሺራን ልመርቃት ቆሜ እጄን ስዘረጋ፣ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ያያል፣ ግሪሻ ግን እግሬን ያያል። አንገቱን ከፍ ዝቅ አደረገልኝ። እኔም መረቅኋት።

አሁን አርብ ጠዋት ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጫማችንን እናጸዳለን። የወይራ ዘይቱን ለታከለች ወጥ ቤት መልሼያለሁ። ሰንበትም ጸሎት ቤት ስሄድ ጫማዬን እንደ ሰው ሁሉ በሩ ሥር ካለው ክምር መሐል ነው የማኖረው። ቢረገጥም ግድ የለኝም፤ ግሪሻ አለ።