ያልመረረው ዳቦ

የምርምር ጣቢያው ሰዎች «ሚዛኗ» ይሏታል። የራሷን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትምህርቷን የተወችው ማንበብና መጻፍ እንደለመደች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያልገባችበት ሥራ የለም። የሰው ልብስ አጥባለች፣ ሽንኩርት ቸርችራለች፣ የሆቴል ጓዳ ውስጥ ድንች ስትልጥ ጣቷ ጠቁሮ ቀርቷል። ወደ ጣቢያውም የገባችው ወለል ልትጠርግ ነው። አንድ ቀን ቀማሽ ጎደለና «ነይ እስቲ፣ አንቺም አፍ አለሽ» ብለው ከመጥረጊያዋ ጠሯት። ምላሷ ሸጋ ሆኖ ተገኘ። ነጭ ጋዋን ለበሰች፣ ወንበርም ተሰጣት። በዕድሜዋ ተቀምጣ ስትሠራ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

በዚያ ወንበር የምትተዳደረው እሷ ብቻ አይደለችም። የልብስ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ የፈታች ልጇና የልጅ ልጇም አሉ። ልጅቱን ከትንሽነቷ የተነሣ «ድንቢጥ» ይሏታል። ሦስቱም የሚኖሩት ከአንድ ግቢ ጀርባ በተቀጠለች ክፍል ውስጥ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋውን የሚገፉት ሦስቱ ተጋግዘው ነው።

ጣቢያው የሚመራመረው በትንሽ ውሃና በደከመ መሬት ሊበቅል ስለሚችል ምግብ ነው። ዶክተሯ፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ተስፋዋን የጣለችው ግብጦ በሚባለው ጥራጥሬ ላይ ነበር። ግብጦ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ደረቅ መሬት ላይ ይበቅላል፤ እንዲያውም የበቀለበትን መሬት ያበረታዋል። ችግሩ መራራ መሆኑ ነው። ምሬቱ ደግሞ አፍ የሚያበላሽ ብቻ ሳይሆን መርዝም ነው። ሳይወጣለት የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ራሱ ይዞራል፤ ሕፃን ከሆነማ የባሰ አለ። ምሬቱ የሚወጣለት ቀናት ሙሉ ውሃ እየተለዋወጠለት ሲዘፈዘፍ ነው። ማሳ ላይ ውሃ የቆጠበ እህል፣ ከታጨደ በኋላ ውሃ ይጠጣል።

ውሃ ደግሞ የለም። የጣቢያው ቧንቧ ሲከፈት የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ያፏጫል። ዶክተሯ ይህንን እያየች እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ስለዚህ አንዱን ውሃ ደጋግሞ መጠቀም ጀመረች። በየጊዜው መዘፍዘፊያው እያጠረ፣ ውሃው እየቀነሰ ሄደ። ምሬቱን የሚለካው መሣሪያ ተበላሽቶ መለዋወጫ ከውጭ ይጠበቅ ነበርና፣ «እስከዚያው ሚዛኗ አለችልን» ትላለች እየሳቀች።

የመቅመሻው ክፍል በቀጭን ጣውላ ለሦስት ተከፍሏል። የዳቦው መልክ እንዳያታልል ቀይ አምፑል ይበራል። ሦስቱ ቀማሾች በየጎጇቸው ይገባሉ፤ መነጋገር ክልክል ነው። በትንሽ መስኮት ቁራሽ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይገባላቸዋል። ከመረራቸው ጥቁር ጠጠር፣ ካልመረራቸው ነጭ ጠጠር መልሰው ያወጣሉ። በሚዛኗ ቀኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ትቀመጣለች፤ በግራዋ ደግሞ ጡረታ የወጣ አናጺ።

አንድ ሰሞን ሚዛኗን ትኩሳት ያዛትና አልጋ ላይ ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት የአፏን ጣዕም ይዞት ሄደ።

«እማዬ፣ ጨውን ደፋሽበት እንዴ?» አለች ልጇ ሾርባውን ቀምሳ።

«እጄን አዳልጦኝ ነው።»

«ትናንትም አዳልጦሽ ነበር። ቆይ፣ ፍቅር ይዞሻል እንዴ?»

«በዚህ ዕድሜዬ የሚያፈቅረኝ ባገኝማ የምደፋው ስኳር ነበር። ዝም ብለሽ ብዪ።»

ልጇ ሳቀች። እሷ ጓዳ ገብታ አንድ ማንኪያ ጨው ምላሷ ላይ አደረገች። አሸዋ አሸዋ አላት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም። ኮምጣጤ ሞከረች፤ ዓይኗ አለቀሰ፣ ምላሷ ግን አልሰማም። «ይመለሳል» አለች ለራሷ። ሄዶ የተመለሰ ነገር ብዙ አይታ አታውቅም፤ ቢሆንም አለች።

ለዶክተሯ ብትነግር ወንበሩ ይሄዳል፤ መጥረጊያውን ደግሞ ሌላ ሰው ይዞታል። ስለዚህ ዝም አለች፤ ጆሮዋንም ምላስ አደረገችው። ልብስ ሰፊዋ የመረራት እንደሆነ አፏን ደጋግማ ትጉመጠመጣለች፤ የቀመሰችው ሁሉ ሰላም ከሆነ ጸጥ ትላለች። ይህንን ከዓመታት ጉርብትና ታውቀዋለች። ስለዚህ ቁራሹን አላምጣ ትውጥና፣ በጣውላው በኩል ጆሮዋን ትጥላለች። ጸጥታ ከሆነ ነጭ ጠጠር። ሰነባበተ፤ ሁልጊዜ ጸጥታ ነበር። ዶክተሯ ውሃ ትቀንሳለች፣ ወዲያ ማዶ ጸጥ ይላል፣ ነጩ ጠጠር ይወጣል። «ጥሩ ነው ማለት ነው» ትላለች ሚዛኗ። ጥሩ ነገር እንዲህ ሲደጋገም ግን ያሠጋት ጀመር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ዶክተሯ ሦስቱንም ጠራቻቸው። አናጺው ደጋግሞ ጥቁር ጥሎ ነበር።

«አሁንም ጥቁር ነው ያወጡት?» አለችው።

«መራራ ነዋ! መራራውን ነጭ ልበልልሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ የሚጥምህ ነገር ኖሮ ያውቃል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሚስትህ እኮ ወዳ አይደለም የሸሸችህ።»

«የሸሸችው አንቺ የሰፋሽላትን ቀሚስ ለብሳ ሰው ፊት መቆም አፍራ ነው!»

ዶክተሯም ሳቀች። ከዚያ ወደ ሚዛኗ ዞረች። «እርስዎ ይንገሩኝ። እርስዎ ካሉ አበቃ። ይመራል?»

ሚዛኗ አፏን ከፈተች። ዝናብ ሲመጣ የሚገፋው አልጋ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ያለቀው የድንቢጥ ጫማ በዓይኗ ፊት አለፉ።

«አይመርም» አለች።

አናጺው ትክ ብሎ አያት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ጋዋኑን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ። «ለሚበላው እዘኑለት» ብሎ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ። የሱ ጠጠር «የነጭናጫ ሰው ነው» ተብሎ ከውጤቱ ወጣ። ሁለት ነጭ ቀረ። ዶክተሯም ለሰፈሩ የሕፃናት መዋያ የቁርስ ዳቦ ለመላክ ቀን ቆረጠች።

ድንቢጥ የምትውለው እዚያ ነው።

ዳቦው የሚሄድበት ዕለት ጠዋት፣ ሚዛኗ ነጠላዋን እያጣፋች ልጇን «ልጅቱን ቤት አጥግበሽ ላኪያት» አለቻት።

«ለምን? ዛሬ እኮ የናንተ ዳቦ ነው። አያቴ የቀመሰችው እያለች ስትፎክር ነው ያደረችው።»

«አጥግበሻት ላኪ አልኩሽ!»

ልጇ ግራ ገባት፤ እሷም ሁለተኛ ሳታያት ወጣች። መንገዱን ሙሉ ልቧ አንድ ነገር ይላታል። የራሷን ልጅ ቤት አጥግባ፣ የሰውን ልጆች ለዚያ ዳቦ ለምን ተወች? መልሱን ስለምታውቀው ጥያቄውን ገፋችው።

በሻይ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ከግቢው ግንብ ሥር አጠገቧ ተቀመጠች። ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«እኔ ለማን እተነፍሳለሁ?»

«የደም ግፊት ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ አፌ ውስጥ ሁሉ ነገር ብረት ብረት ነው የሚለኝ። ሬት ይሁን ማር አልለየውም።»

ሚዛኗ ብርጭቆዋን ወደ አፏ እንዳስጠጋች ቀረች። «ታዲያ እንዴት ነው ጠጠር የምታወጪው?»

«አንቺ አለሽልኝ አይደል! ጣውላው ላይ ጆሮዬን ለጠፍ ነዋ። ከተጉመጠመጥሽ ጥቁር፣ ዝም ካልሽ ነጭ።» ጉልበቷን መታ አደረገቻት። «ተባረኪ፣ ያንቺ ምላስ ነው ሁለታችንንም የሚያኖረን።»

ሻዩ ጋዋኗ ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነበር፤ አልተሰማትም። እሷ የዚችን ድምፅ ስትጠብቅ፣ ይቺ የእሷን ስትጠብቅ፣ ሁለቱ በጣውላው ወዲያና ወዲህ ጸጥ ብለው፣ በጸጥታቸው ዳቦውን አሳልፈውታል። ይመራል ያለው አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም አባረሩት።

«ምነው? ምን ሆንሽ? ለዶክተሯ ልትነግሪ ነው እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ተለውጦ።

ሚዛኗ ጋዋኗን ሳታወልቅ በበሩ ወጣች። ዘበኛው «ሚዛኗ፣ ይፈርሙ እንጂ!» እያለ ከኋላዋ ሲጮህ መንገዱን ተሻግራ ነበር። ወደ መዋያው ሮጠች።

መዋያው እንደወትሮው አይንጫጫም። ያ ነው መጀመሪያ ያስደነገጣት። ሞግዚቷ ደጃፉ ላይ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዛ አገኘቻት።

«እትዬ! እንኳን መጡ።»

«ዳቦው ተበላ?»

«ተበላ እንጂ። መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማድደው እንቢ ብለው ነበር፤ በኋላ ማር ስንቀባላቸው ጥርግ አደረጉት። ያሁኑ ግን አልገባኝም፤ ውሃ ውሃ ይላሉ። ሁለቱን አስመለሳቸው። ሙቀቱ ይሆን?»

ሚዛኗ ገፍታት ገባች። ሕፃናቱ ምንጣፉ ላይ ተረፍርፈዋል። አንዱ ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። ድንቢጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ዓይኗ ሁሉ ጥቁር ሆኗል። አያቷ ፊቷ ቆማ ሳለ አሻግራ ታያለች።

«ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ የኔ እናት። ቤት አልበላሽም እንዴ?»

«በልቻለሁ። ግን የአያቴ ዳቦ ነው ብዬ ደግሞ በላሁ።»

ሚዛኗ ልጅቱን አነሳቻት። ራሷ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«ሐኪም ቤት ደውዪ» አለች ሞግዚቷን። «አሁኑኑ! የበሉት ግብጦ ነው፣ መርዙ አልወጣለትም በያቸው።»

«ኧረ ምን ይላሉ? እርስዎ አይደሉ ቀምሰው ያሳለፉት? ስምዎን ጠርተው እኮ ነው ያስረከቡን!»

«አልቀመስኩትም። ምላሴ ከሞተ ቆይቷል። ለሥራዬ ብዬ ዋሸሁ፤ ይህንንም ንገሪያቸው። ደውዪ!»

ሞግዚቷ ደወለች። መኪና እንልካለን አሉ፤ የበላውን ሁሉ ቁጠሩልን አሉ። ሞግዚቷ በጣቷ መቁጠር ጀምራ በመሃል ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምንድን ነው?» አለች ሚዛኗ።

«ዳቦው ተርፎ ነበር። መጣል ነውር ነው ብለን... ለታችኛው ሰፈር መዋያ ላክንላቸው። እነሱ ለምሳ እንዲያቀርቡት። የነሱ ልጆች ይበዛሉ።»

«ደውዪላቸው።»

ሞግዚቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሚዛኗ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ምሳ ደርሷል። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል።

«አያነሱም እትዬ።»

ሚዛኗ ድንቢጥን ሞግዚቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቱ አልያዘቻትም፣ አላለቀሰችም፤ ያ ከሁሉ ባሰባት። ወደ በሩ ዞረች፤ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወስደውን ቁልቁለት ተያያዘችው። ከኋላዋ ሞግዚቷ እንደገና ስትደውል ይሰማታል፤ ከታች፣ ከቤቶቹ ጣሪያ መሃል፣ የምሳ ደወል ሲመታ ይሰማታል።