አያቴ የሚጨምቁት ክንድ

ለቀስተኛው ሁሉ ስለ አያቴ «ደግ ነበሩ» ይላል። ለእኔ ግን አልነበሩም። የጤና ባለሙያ ሆኜ ከምሠራበት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በመጣሁ ቁጥር፣ አያቴ ሰላም ሳይሉኝ ክንዴን ጨምቀው «ይኼ ጡንቻ ነው ሊጥ?» እያሉ በሰው ፊት ያዋርዱኝ ነበር። የጡንቻዎቹን ስም ብዘረዝርላቸው «በል በስማቸው እረስ!» ብለው ሳቁብኝ።

ባለፈው ፋሲካ ሲጨምቁኝ ጣቶቻቸው ጉልበት አልነበራቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወዲያው እመረምረው ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። «አሁንስ ሊጡ ማን ሆነ፣ አባባ?» አልኋቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ፤ ዳግም አልነኩኝም።

የክንድ ጡንቻ ሰው ሲያዘው ብቻ እንደሚሠራ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ትናንት ለተዝካራቸው ደጃቸውን ስረግጥ ግን ክንዴ ሳላዘው ተወጥሮ እጃቸውን ጠበቀ።