የመሪጌታው አውራ ጣት

ከብልባላ ስመለስ ኬላ ላይ ወታደሮች ከሚኒባስ አወረዱኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ወስደው፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ አስገቡኝ። የገብስ ብናኝና የሽንት ሽታ ነበረው። ወቅቱ የሁዳዴ ጾም ነው።

አጠገቤ ከገነተ ማርያም አካባቢ የተያዙ ሽማግሌ መሪጌታ ተቀምጠዋል። የግራ እግራቸው አውራ ጣት አብጦና ቀልቶ ያብረቀርቃል። የነጠላቸው ጫፍ ሲነካው እንኳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

አንድ መርማሪ በየቀኑ እየገባ እግራችንን ያያል። እግሩ ያበጠ ሰው ከታጣቂዎች ጋር ተራራ ሲወጣ ከርሟል ይባላል። ከትናንት በስቲያ በዚህ ምክንያት የወሰዱት ገበሬ አልተመለሰም። ኮንጎ ጫማው በሩ ሥር ነው።

«መሪጌታ፣ ይህ ሪህ ነው። አባቴን ሲያሠቃየው አይቻለሁ። ለመርማሪው ይንገሩት» አልኳቸው።

ከጥግ የፍላቂት ሰው የሆነ ሾፌር ሳቀ። «በሁዳዴ ሪህ? ቅርጫውን ከማን ጋር ገቡ፣ መሪጌታ?»

«ሰማህ ልጄ?» አሉኝ። «አገሩ የሚያውቀው የሥጋና የጠላ በሽታ ነው ብሎ ነው። ጾም ገደፈ ከሚሉኝ ይውሰዱኝ።»

ሐኪም ለአባቴ ያስረዳውን ነገርኳቸው። ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጨው ይጋግራል። ሥጋና ጠላ ያብሱታል። ግን በዘርም ይወርዳል፤ ኩላሊት ሲደክምም ይመጣል። ያለ ውሃ መዋልም ይቀሰቅሰዋል።

«ጾሙም?»

«ጾሙም ሊቀሰቅሰው ይችላል።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ የመሪጌታን ጣት አየ።

መርማሪው ገባ። ያበጠውን ጣት በቡትስ ጫማው ጫፍ ተጫነው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የት የት ወጣህበት?»

«ሪህ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ሪህ? ቄሱ ሥጋ ይበላል ማለት ነው?»

«አይበሉም» አለ ሾፌሩ ከጥግ ተነሥቶ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። ስድስት ቀን አብሬያቸው ነኝ። ከዚያ ነው የመጣባቸው።»

መርማሪው ሁለቱንም አየና «ነገ እናያለን» ብሎ ወጣ።

ውሃ እንደሚረዳቸው ነግሬያቸው ጣሳውን አቀረብኩላቸው። ተቀብለው ጉልበታቸው ሥር አኖሩት። በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን የገበሬው ጫማ ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስኪደርስ ጠበቁ። ከዚያ አማትበው ጠጡና የቀረውን ለሾፌሩ ሰጡት።

በማግሥቱ መርማሪው ሳይመጣ እኔን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩኝ። ስወጣ በሩ ሥር የነበረው ጫማ አሁንም አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።

ዛሬ የእኔም አውራ ጣት አልፎ አልፎ ያብጣል። ሐኪሙ ውሃ አብዝቼ እንድጠጣ አዞኛል፤ እጠጣለሁ። ብርጭቆውን ሳነሣ ግን መጀመሪያ ሰዓቴን አያለሁ።