ዳኛዋ የፈረደችበት መጽሐፍ

ጎሚስታው ሚስቱ አልጋ ላይ እስክትውል ድረስ መጽሐፍ የሚባል ነገር አንብቦ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ጎማ ነው። ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋው ብቅ ብቅ ሲል "አሃ፣ እዚህ ጋ ነህ ለካ!" ብሎ ይለጥፈዋል፤ አለቀ። የመጽሐፍ ነገር የሚስቱ ነበር።

እሷ ፀጉር ሠሪ ናት። ከመስተዋቱ ሥር፣ በማበጠሪያውና በቢጎዲኑ መካከል፣ የተከፈተ መጽሐፍ አይጠፋም። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባች ደንበኛ ስለማትሰማ አስተያየቷን የምትሰጠው በጩኸት ነው። በዚህም የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ "ዳኛዋ" ይላታል።

"በዝናብ ተገናኙ፣ በዝናብ ተጣሉ፣ በዝናብ ታረቁ! ኧረ እዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ዣንጥላ ያለው ሰው የለም?" ትላለች። ባለታሪኳ ልጅ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ስታለቅስ ካገኘቻት ደግሞ፣ "እሷው አልቅሳ ከጨረሰችው እኔ ምን ቀረኝ?" ብላ ትዘጋዋለች። ግለ ታሪክ ላይማ ምሕረት የላትም። "ሰውዬው ከተወለደ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም! ይሄ የሥራ ማመልከቻ ነው እንጂ ሕይወት ነው?"

ደስ ያላት ቦታ ስትደርስ ማበጠሪያዋን ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሰለቻት ቦታ ስትደርስም ትጨፍናለች። ደንበኞቿ ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ የምትናገረውን ነበር። ማታ ቤት ገብታ ለባሏ ልታወራው ስትጀምር ግን፣ "ኧረ ተይኝ እባክሽ፣ ራሴን አታዙሪው" ይላት ነበር። አሁን ያቺ ቃል ትዝ ባለችው ቁጥር ራሱን ይረግማል።

አንድ ጠዋት ፀጉር እየሠራች ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። ሰውነቷ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቷም ተዘጋ። ሐኪሙ "ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ አዋራት" አለው። አዋራት! ምን ብሎ ያዋራት? ስለ ጎማ?

ፀጉር ቤቷን ሊዘጋ ሲሄድ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አገኘ። ዕድሜውን ሙሉ መንገድና ድልድይ ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ የጻፈው ግለ ታሪክ ነው። 'ውይ በሞትኩት፣ ይሄን እያነበበች ነው የወደቀችው' አለ በልቡ፤ 'የጀመረችውን ላስጨርሳት እንጂ።' የቀሩትን መጻሕፍቷን በካርቶን አድርጎ፣ ይሄኛውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤት ገባ።

ማንበቡስ ምኑ ማንበብ ነው! ዘይት የጠገበ ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ሲንተባተብ ላየው ያሳዝናል። እየዋለ እያደረ ግን ምላሱ ተፍታታ። ይባስ ብሎ መጽሐፉን ወደደው! አለቱ ሲፈነዳ፣ ወንዙ ሞልቶ የድልድዩን ምሰሶ ሲወስደው፣ መሐንዲሱ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር፣ "አይ ወንድ! ሰማሽ? ሥራ የሚያውቅ ሰው እኮ ነው!" ይላታል። ስለ መጽሐፍ የሚለው ነገር ሲያገኝ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው፤ የሚከራከረው ግን የለም።

"ከወደድሽው አንዴ ጨፍኚ፤ ካልወደድሽው ሁለቴ" ይላታል። ትጨፍናለች፤ ቆይታ ትገልጣለች፤ ደግሞ ታርገበግባለች። አንዴ ይሁን ሁለቴ በምን ይታወቃል? ጎማ ብትሆን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያውቅ ነበር። ደስ ሲላት እንደምትጨፍን ደንበኞቿ ሲያወሩ ሰምቷልና፣ ወዳዋለች ብሎ ራሱን አሳመነ። መጽሐፉ ሲያልቅም፣ እንዳይቀርባት ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ደገመላት።

ታናሽ እህቷ ልትጠይቃት የመጣችው ይኸኔ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች የመጽሐፉን ሽፋን አየችና ሳቋ አመለጣት።

"ጋሼ፣ ይሄን ነው የምታነብላት?"

"ምነው? አንዴ ጨርሼው ሁለተኛዬ ነው። የራሷ እኮ ነው፤ ወንበሩ ላይ ነው ያገኘሁት።"

"ወንበሩ ላይማ ይገኛል! ልጆች ፀጉር ሊሠሩ ሲመጡ ከፍ እንዲሉላት የምታስቀምጥበት ነው እኮ!" አለችና ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። "ያነበበችው ዕለት እኔ ፊት ነው በመስኮት የወረወረችው። ደንበኛ ነች አንሥታ የመለሰችላት። ሰውዬው ሚስቱን ከነልጆቹ ትቶ ያን ሁሉ ዓመት በረሃ ለበረሃ ሲዞር፣ ስለሷ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ 'ባለቤቴም በትዕግሥት ጠበቀችኝ' ይላል። 'እሷስ ምን አለች? ሰው አይጠይቃትም?' ብላ እንዴት እንደጮኸች!"

ጎሚስታው መስመሩን ፈልጎ አገኘው። ሁለት ጊዜ አንብቦት ሁለት ጊዜም ልብ ሳይለው አልፏል። ሚስቱ ደግሞ እዚያው እንደተጋደመች ሁለት ጊዜ ሰምታዋለች፤ "በቃህ" የምትልበት አንደበት አጥታ።

እህቷ ሻይ ልታፈላ ወጣች። እሱ አልጋው አጠገብ ኩምሽሽ አለ።

"በእናትሽ ይቅር በይኝ። ያስደሰትኩሽ መስሎኝ ነው" አላት።

ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች። ተነሣና መስኮቱን ከፈተ፤ ያን የወደደውን መጽሐፍ አሽቀንጥሮ ወረወረው። ታች የሚያልፍ ሰው "ምን ዓይነት ሥርዓት ነው!" ብሎ ተሳደበ። ዞር ብሎ ሲያያት ጨፍናለች። ደስ ብሏት ነው? በሱ ተናዳ ነው? ምኑን አውቆት!

ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎተተ። የትኛውን ወዳ፣ የትኛውን ጠልታ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። ዝም ብሎ አንዱን ልብ ወለድ መዘዘና መጀመሪያውን ገጽ ከፈተ። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ዝናብ ይዘንባል። ደነገጠና ቀና አለ።

"ዳኛዬ፣ ልቀጥል ወይስ ልተወው?"

ዓይኗን ጨፈነች። እሱም እንደ ደንበኞቿ ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት።