የአንድ ሰው ጨዋታ

በመምህርነት ቡታጅራ ስመደብ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። የተከራየኋት ክፍል ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነበረች። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሱቅ ከፍተዋል፤ እሳቸው እንሴኖ ገበያ በርበሬ እየነገዱ ብቻቸውን ይኖራሉ።

እኔ አሮጌ ኮምፒውተር ይዤ ነበር የመጣሁት። ምስል የሚያፈጥንለት የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ደካማ ግራፊክስ ነው የሚንፏቀቀው። አዲስ ጌም ስጭንበት አልከፍትም ይላል። የሚችለው የድሮዎቹን ብቻ ነው፤ በተለይ አንድ የመኪና እሽቅድምድም። እሱንም ጥራቱን ዝቅ አድርጌ፣ ጥላውንና መንገድ ዳር የቆሙትን ሰዎች አጥፍቼ ነበር የማስነሳው። ባዶ ከተማ ውስጥ እነዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ ይመሻል። ሳይታወቀኝ ከመኪኖቹ ጋር ማውራት ጀመርኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ዞር በልልኝ እንጂ!» «ቀይዋ፣ ዛሬስ አትቀድሚኝም!»

አንድ እሁድ በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ በትልቅ ሰሃን ይዘው ቆመዋል።

«እንግዳ መጥቶልህ የለ? ከጠዋት ጀምሮ ስትጫወቱ እሰማለሁ። ወላሂ ደስ አለኝ።»

«እንግዳ የለም፣ እማማ።»

አንገታቸውን አስግገው ክፍሉን ቃኙ። «ታዲያ ከማን ጋር ነበር?»

ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔም ከሬዲዮ ጋር አወራለሁ» አሉ። «ዜና አንባቢው ‹እንደምን ዋላችሁ› ሲል ‹አልሐምዱሊላህ› እለዋለሁ።»

በልተን ስንጨርስ ጌሙ ለሁለት ሰው እንደሚሆን ነገርኳቸው። የሁለት ሰዉን ጨዋታ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ቁልፎቹን አሳየኋቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን ተጫኑ፤ መኪናቸው ወደ ኋላ ሄዶ ከግንብ ተላተመ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ኮምፒውተሩ አቅም እያነሰው ምስሉ መሐል ላይ ቀጥ ይላል።

«ደከመው» ይላሉ ያኔ። «ትንሽ ይረፍ።»

ከዚያ በኋላ እሁድን እጠብቀው ጀመር።

ዓመት ሳይሞላን የመጀመሪያ ልጃቸው መጥቶ «እናቴ ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም» አለ። ዕቃቸው ከተጫነ በኋላ ወደ በሬ መጡ።

«መምህር፣ ሰው ፈልግ፣ ልጄ። እሱ መልስ አይሰጥህም» አሉ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

በቀጣዩ እሁድ ኮምፒውተሩን ከፍቼ «ቀይዋ!» አልኩ፤ ግቢው ጭር ከማለቱ የተነሳ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። አጥፍቼው ወጣሁና መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር የሚወርዱትን እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

«ሰው እየጠበቅክ ነው?» አለኝ አስተናጋጁ።

«አዎ» አልኩት።