ልጣጭ ለብቻ፦ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ

ንጋት፣ እንጅባራ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መናኸሪያው ጉም ለብሷል፤ ረዳቶቹ እጃቸውን እያሻሹ «ዳንግላ! ዳንግላ!» ይላሉ። አብረውኝ የሚጓዙት ጎረቤቴ እትዬ ጠጄ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ወተት ሸጠው ያሳደጉ። በቅርቡ ላማቸው ሆዷ ተነፍቶ ሞተችባቸው። ሆዷ ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። በሰፈራችን የድንች ልጣጩም፣ ፌስታሉም፣ አመዱም ባንድ ጆንያ ታጭቆ ደጅ ይቀመጣል፤ ጋሪ እየመጣ ይወስደዋል። ከጋሪው በፊት ግን ከብት ይደርስበታል።

«ዳንግላ እህቴ ሰፈር ልጣጭ ለብቻ ነው አሉ። በዓይኔ ካላየሁ ሌላ ላም አልገዛም» ብለው ነው የተነሱት።

አዲስ ቅዳም

በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ሚኒባሱ ቆሞ በፌስታል የተቋጠረ ትኩስ ቅቅል ድንች ገዛን። ሾፌሩ በልቶ ሲጨርስ ፌስታሉን በመስኮት ሊወረውር እጁን አነሳ።

«ልጄ፣ እሱን ለእኔ ስጠኝ» አሉት እትዬ ጠጄ።

«ምን ያደርግልዎታል እማማ?» ሳቀ።

«ለእኔስ ምንም። ላሜን ግን ገድሎብኛል።»

ሳቁን ተወ። ፌስታሉን አጣጥፎ ወንበሩ ሥር ከተተው።

ረፋድ፣ ዳንግላ

ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ከመናኸሪያ የያዝነው ባጃጅ ከእህታቸው ከየሺ ደጅ አወረደን። በሩ ላይ ሁለት የቀርከሃ ቅርጫት አለ፤ አንዱ ለልጣጭ፣ ሌላው ለፌስታልና ለፕላስቲክ ጠርሙስ። ሰፈርተኛው ተስማምቶ ያወጣው ደንብ ነው፦ ልጣጩን ከብት ያላቸው ይወስዱታል፣ የተረፈው ጉድጓድ ገብቶ ለጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የቀላቀለ ሰው ቆሻሻው ተመልሶ ደጁ ይቀመጥለታል።

«እኔም ተመልሶብኛል» አለች የሺ። «ቆሻሻዬን የመለሰችብኝን ጎረቤቴን አኩርፌ ሰነበትኩ። በኋላ ሳስበው ላሟ የእሷ፣ ፌስታሉ የእኔ።»

እትዬ ጠጄ እጃቸውን ከልጣጩ ቅርጫት እስከ ታች ሰደዱ። የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የካሮት ቅጠል። ሌላ ምንም የለም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጓሮ ስንዞር ግን የፌስታል ክምር አየን።

«የሚወስድልን የለም» አለች የሺ አፍራ።

«እኛ ጋሪ አለን፣ መለየት የለንም። እናንተ መለየት አላችሁ፣ ጋሪ የላችሁም» አሉ እትዬ ጠጄ። «የእኛዎቹ ባለ ጋሪዎች እንዴት እንደተደራጁ ጠይቄ እልክልሻለሁ።»

ማምሻ፣ እንጅባራ

ከመኪና እንደወረድን እትዬ ጠጄ ቤታቸው አልገቡም። በቀጥታ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዓለሙ ደጅ ሄድን። ያዩትን ሁሉ ነገሯቸው።

«እኔን በስተርጅና ቆሻሻ ለይ ብሎ ማን ያዘኛል?» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

«ማንም አያዝዎትም። እኔ ግን እለምንዎታለሁ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ልጣጩን ለብቻ አድርጉት! በእሑዱ የእድር ስብሰባም አነሳዋለሁ።»

ቀጥለው ወደ እትዬ ጠጄ ዞሩ። «ላሟን መቼ ነው የምትገዥው?»

«በሚቀጥለው ገበያ» አሉ እትዬ ጠጄ። «አብረውኝ መጥተው ይመርጡልኛል?»